ዝናባማ በጋና የቢራቢሮ ቆጠራ፦ ያልታየው ሁሉ አልነበረም ማለት ነውን?

ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያሉት ወራት በኢትዮጵያ ደጋማ ስፍራዎች ክረምት፣ በብሪታንያ ግን በጋ ናቸው። በመሆኑም «ዝናባማ በጋ» የሚለው ሐረግ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እርስ በርሱ የሚጋጭ ሊመስል ይችላል። ለብሪታንያ የቢራቢሮ ተመራማሪዎች ግን በየጥቂት ዓመቱ የሚመለስ የቆጠራ ፈተና ነው። በ2024 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) እርጥብ ጸደይን ተከትሎ ቀዝቃዛ በጋ መጣ። ከጁላይ 12 እስከ ኦገስት 4 በተካሄደው ሕዝባዊ ቆጠራ ከ85 ሺህ በላይ ሰዎች ተሳትፈው፣ በ15 ደቂቃ ቆጠራ የታዩት ቢራቢሮዎች በአማካይ 7 ብቻ ሆኑ። በቀደመው ዓመት አማካዩ 12 ነበር። ወደ 9 ሺህ በሚጠጉ ቆጠራዎች ደግሞ አንዲት ቢራቢሮ እንኳ አልታየችም። ቆጠራውን የሚመራው የብሪታንያ የቢራቢሮ ጥበቃ ድርጅት ውጤቱን ቆጠራው ከተጀመረ ወዲህ ዝቅተኛው መሆኑን ገልጾ «የቢራቢሮ አስቸኳይ ሁኔታ» አወጀ።

እዚህ ላይ መጠየቅ ያለበት ከ12 ወደ 7 የወረደው ምን እንደሆነ ነው። የቢራቢሮዎቹ ብዛት ነው ወይስ የመታየት ዕድላቸው? በዝናባማ በጋ ሁለቱ አብረው ይወርዳሉ፤ ችግሩም ከዚህ ይጀምራል።

ቢራቢሮ የሰውነቷን ሙቀት በዋናነት ከውጭ የምታገኝ ፍጥረት ናት። በሚገባ ለመብረር የደረቷ ጡንቻ ወደ 30 ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያም በላይ መሞቅ ያስፈልገዋል። አየሩ በዚህ መጠን በማይሞቅበት አገር ይህን ሙቀት የምታገኘው ክንፏን ዘርግታ ወይም ጎኗን ለፀሐይ ሰጥታ በመሞቅ ነው። ፀሐይዋ ስትጠለል በሣር ሥር፣ በቅጠል ጀርባ ወይም በቁጥቋጦ ውስጥ ተሸሽጋ ትቀመጣለች። በሕይወት አለች፤ ለቆጣሪው ግን የለችም። ስለዚህ በደመናማ ቀን የተመዘገበ ዝቅተኛ ቁጥር ስለ ቢራቢሮዋ ከሚናገረው ይልቅ ስለ ደመናው የሚናገረው ሊበልጥ ይችላል።

ይህን እንቅፋት ለመቀነስ የታሰበው ዘዴ የኧርነስት ፖላርድና የሥራ ባልደረቦቹ ነው። በእንግሊዝ በመንክስ ዉድ የምርምር ጣቢያ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ተሞክሮ በ1976 አገር አቀፍ ክትትል ሆነ። ቆጣሪው በየሳምንቱ አንድ የተወሰነ መንገድ በዝግታ እየተራመደ በግራና በቀኙ በ2.5 ሜትር፣ ከፊቱም በ5 ሜትር ርቀት ውስጥ ያየውን ብቻ ይመዘግባል። ክትትሉ ከኤፕሪል መጀመሪያ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ 26 ሳምንታት ይዘልቃል። የእግር ጉዞው የሚደረገው በኢትዮጵያ የሰዓት ልማድ ከረፋዱ 4፡45 እስከ ቀኑ 9፡45 ባለው ጊዜ ነው። ሙቀቱ ከ13 ዲግሪ በታች ከሆነ ቆጠራ አይካሄድም። ከ13 እስከ 17 ዲግሪ ባለው መካከል ከጉዞው ቢያንስ 60 በመቶው ፀሐይ ሊኖረው ይገባል። ከ17 ዲግሪ በላይ ሲሆን ዝናብ እስካልጣለ ድረስ ደመናም ቢኖር ይቆጠራል።

ደንቡ ቀላል ቢመስልም ፍሬ ነገሩ ጥልቅ ነው። ቆጣሪው ቢራቢሮዎቹን ሁሉ ለማየት አይሞክርም፤ የሚሻው ከዓመት ዓመት የሚያያቸው ድርሻ ተቀራራቢ እንዲሆን ነው። የተገኘው ቁጥር አመልካች እንጂ የሕዝብ ቆጠራ አይደለም። ሆኖም ደንቡ ራሱ በመጥፎ ዓመት የሚያስከፍለው ዋጋ አለ። አየሩ ከተፈቀደው በታች በሆነባቸው ሳምንታት መዝገቡ ባዶ ይቀራል፤ ባዶውም በአጎራባች ሳምንታትና በሌሎች ስፍራዎች መረጃ ላይ ተመሥርቶ በስሌት ይሞላል። ዓመቱን ሙሉ የሚበር ዝርያ ቢሆን አንድ ሳምንት ቢጎድል ጉዳቱ ትንሽ ነው። በዓመት አንድ ትውልድ ብቻ ያለው፣ የበረራ ጊዜውም ጥቂት ሳምንታት የሆነ ዝርያ ግን ዋና ሳምንቱ በዝናብ ከታጠበ ስሌቱ የሚይዘው ጭብጥ ያጣል።

ለዚህ ከ2012 የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። የዚያ ዓመት በጋ በዩናይትድ ኪንግደም ለመቶ ዓመት ያህል ያልታየ ዝናብ የጣለበት ሲሆን፣ የጁን ወር ደግሞ በወቅቱ ከ1910 ጀምሮ በተያዘው የአገሪቱ መዝገብ ከጁን ወራት ሁሉ እርጥቡ ነበር። ክትትል ከተደረገባቸው 56 ዝርያዎች መካከል 52ቱ ከቀደመው ዓመት አንሰው ተገኙ፤ ዓመቱም ክትትሉ እስከዚያ ካስመዘገባቸው ሁሉ የከፋው ሆነ። ከፍተኛው ውድቀት ከታየባቸው መካከል ሳቲሪየም ፕሩኒ የተባለችው ብርቅዬ ቢራቢሮ ስትሆን አመልካቿ በ98 በመቶ ወረደ።

ይህ 98 በመቶ በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ይህች ቢራቢሮ የምትኖረው በማዕከላዊ እንግሊዝ በጥቂት ደኖች ዳርቻ፣ አባጨጓሬዋ በሚመገበው እሾሃም የዱር ፕለም ቁጥቋጦ ላይ ነው። የምትበረው በጁንና በጁላይ መጀመሪያ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜዋን በቁጥቋጦውና በዛፎቹ አናት ላይ ታሳልፋለች። በፀሐያማ ዓመትም ቢሆን በቀላሉ አትገኝም። የበረራዋ ወር እጅግ እርጥብ በሆነበት ዓመት ከመቶ 98 ሞተዋል ብሎ መደምደም መረጃው ከሚሸከመው በላይ መጫን ነው። በርግጥም በሞቃታማው 2018 ይኸው ዝርያ ክትትሉ ከተጀመረ ወዲህ ከፍተኛውን አመልካች አስመዘገበ። ውድቀቱ ሐሰት ነበር ማለት ግን አይደለም። የወደቀው ብዛትና የመታየት ዕድል ተባዝተው ነው፤ የአንድ ዓመት ቁጥር ብቻውን ሁለቱን አይለያቸውም።

ዝናብ ብዛትን በእውነት የሚቀንስበት መንገድ ደግሞ ግልጽ ነው። የጎልማሳ ቢራቢሮ ዕድሜ በብዙ ዝርያዎች በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት የሚለካ ነው። ሴቷ በዝናብ ተሸሽጋ ያሳለፈቻቸው ቀናት ከዕድሜዋ ይቀነሳሉ፤ ያልበረረችበት ቀን ያልተጣለ እንቁላል ነው። በቅዝቃዜ ወቅት አባጨጓሬው ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ለወፎችና በሰውነቱ ውስጥ እንቁላላቸውን ለሚጥሉ ጥገኛ ተርቦች የሚጋለጥበት ጊዜ ይረዝማል። የዚህ ሁሉ ውጤት የሚታየው ግን በዚያው በጋ ሳይሆን ቀጣዩ ትውልድ በሚበርበት ጊዜ ነው። የዝናባማ ዓመት ቆጠራ ካለፈው ዓመት የተወረሰውን ትውልድ ሲያሳይ፣ የዘንድሮውን ጉዳት የሚያሳየው የመጪው ዓመት ቆጠራ ነው።

በሌላ በኩል ዝናብ ጠላት ብቻ አይደለም። በ2012 እንኳ ማኒዮላ ጁርቲና የተባለችው ቡናማ የሜዳ ቢራቢሮ ጨምራ ታይታለች፤ አባጨጓሬዋ የሚመገበው ሣር ነውና ለምለሙ ዓመት ሳይበጃት አልቀረም። ዴቪድ ሮይና ባልደረቦቹ በ2001 ባሳተሙት ጥናት 31 ዝርያዎችን ሲመረምሩ፣ ብዛት በጥቅሉ ከዚያው ዓመት ሞቃትና ደረቅ በጋ ጋር፣ እንዲሁም ካለፈው ዓመት ዝናብ ጋር አብሮ እንደሚጨምር አግኝተዋል። የ1976 ከባድ ድርቅ ይህን ከተቃራኒው ወገን ያሳያል፤ በዚያ ፀሐያማ በጋ የአባጨጓሬዎች ምግብ የሆኑ ዕፅዋት በመድረቃቸው በብዙ ዝርያዎች ላይ ውድቀት ተከተለ። ለቆጣሪው ያማረ በጋ ለአባጨጓሬው የረኀብ ዘመን ሊሆን ይችላል።

ከሁሉም ለትርጓሜ የሚያስቸግሩት ስደተኞቹ ናቸው። በኢትዮጵያም የምትገኘው ቫኔሳ ካርዱይ በአውሮፓና ከሰሃራ በስተ ደቡብ ባለው አፍሪካ መካከል በተከታታይ ትውልዶች ትመላለሳለች። በ2009 በብሪታንያ በብዙ ሚሊዮን ሆና ታይታለች፤ በሌሎች ዓመታት በጭራሽ የጠፋች ትመስላለች። በአንድ የእንግሊዝ ሜዳ ላይ ለመታየቷ ወይም ለመጥፋቷ ምክንያቱ በሺህ የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ርቆ የዘነበ ወይም ያልዘነበ ዝናብ ሊሆን ስለሚችል፣ እርሷን ከአካባቢው በጋ ጋር ብቻ ማያያዝ ስህተት ነው።

ታዲያ የ2024ቱ አዋጅ የተጋነነ ነበርን? የ15 ደቂቃው ቆጠራ የራሱን ታሪክ ዝቅተኛ ውጤት ቢያሳይም፣ ረጅሙ የእግር ጉዞ ክትትል ዓመቱን ከ1976 ወዲህ በመጥፎነቱ አምስተኛ ደረጃ ላይ አስቀምጦታል። ሕዝባዊው ቆጠራ በሦስት ሳምንት አየር ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ ይበልጥ ቢናወጥ አያስገርምም። ይሁን እንጂ አዋጁን በአንድ በጋ ቁጥር ብቻ መዝኖ ማጣጣልም አይገባም። በ2022 የወጣው የአገሪቱ የቢራቢሮዎች ሁኔታ ዘገባ ከ1976 ወዲህ 80 በመቶው ዝርያ በብዛት፣ በስርጭት ወይም በሁለቱም መቀነሱን ያሳያል። ይህን ዝናብ አላመጣውም፤ ከምክንያቶቹ ዋነኛው የመኖሪያ ስፍራ መጥፋት ነው። ዝናቡ አደገኛ የሚሆነው በዚህ ላይ ሲደረብ ነው። ሰፊና የተያያዘ መኖሪያ ባለበት ስፍራ አንድ መንጋ በመጥፎ ዓመት ቢጠፋ ከጎረቤት የሚመጡ ይተኩታል። በእርሻና በመንገድ የተቆራረጠ አነስተኛ ቦታ ላይ ግን የሚተካ አይመጣም፤ በቀጣዩ ዓመት ፀሐይ ብትወጣም ቦታው ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ከዝናባማ በጋ በኋላ ትኩረት የሚሹት በብዛት የወደቁት የተለመዱ ዝርያዎች ሳይሆኑ፣ ትንንሾቹና የተነጠሉት መንጋዎች ናቸው።

ከዚህ የሚከተለው ተግባራዊ ነገር ለማንኛውም የመስክ ቆጣሪ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚሠራውም፣ ይጠቅማል። የ13 እና የ17 ዲግሪው ወሰን ለብሪታንያ አየር የተቀመጠ ስለሆነ እንዳለ ወደ ደጋ ወይም ወደ ቆላ አይገለበጥም። ሊወሰድ የሚገባው መርሁ ነው፦ ከቁጥሩ ጎን የሙቀቱ መጠን፣ የፀሐዩ ድርሻና የነፋሱ ብርታት ይመዝገብ። ምንም ያልታየበት ጉዞም ከነቀኑና ከነሰዓቱ «0» ተብሎ ይጻፍ። በ2024 ወደ 9 ሺህ የሚጠጉ ባዶ ቆጠራዎች ባይላኩ ኖሮ የዚያ በጋ አማካይ ከ7 በላይ ሆኖ ይታይ ነበር።