ስለ ቅኝ ገዥዎች ፖሊስና ሁከት በተነሣ ጊዜ ስለ መበራከቱ

በሐዋሳ ከተማ፥ በጉዱማሌ፥ የሲዳማ ሕዝብ የዘመን መለወጫውን ፍቼ ጨምበላላን ያከብራል። በሲዳማ አገር ጠብ ሲነሣ ሽማግሌዎች በሶንጎ ተቀምጠው፥ «አፊኒ»፥ ይኸውም «ሰማችሁን»፥ ተባብለው ነገሩን ያዩታል፤ ዳኛውም ተከሳሹም የአንድ አገር ልጆች ናቸው። የቅኝ ገዥ ፖሊስ ግን ከዚህ እጅግ የተለየ ነው፤ የቆመው ሕዝቡ እርስ በርሱ እንዳይበዳደል ሳይሆን በገዥው ላይ እንዳይነሣ ነውና።

የዚህ ዓይነቱ ፖሊስ ምሳሌ በአየርላንድ የነበረው የእንግሊዝ ፖሊስ ነው። ጠመንጃ ይይዛል፤ በካምፕ ያድራል፤ በተወለደበት አውራጃም አይመደብም። አየርላንዶች ስለ ነጻነታቸው በተነሡ ጊዜ፥ በ1912 ዓ.ም. ከፖሊሱ ብዙዎች ሥራቸውን ስለ ለቀቁ፥ እንግሊዝ ከታላቁ ጦርነት የተመለሱትን ወታደሮች በችኰላ መለመለ። የደንብ ልብሱ ስላልበቃም ግማሹን የወታደር፥ ግማሹን የፖሊስ አለበሳቸው። በጦር ሜዳ የኖረ ሰው የገበያ ጠብ እንዴት እንደሚበርድ ከየት ይማር? በታኅሣሥ ወር 1913 ዓ.ም. ከዚሁ ፖሊስ ጋራ የተጨመሩት ረዳት ጭፍሮች የኮርክን ከተማ አቃጠሉ። በ1914 ዓ.ም. ፖሊሱ ፈረሰ፤ ከሰዎቹም በብዙ መቶ የሚቈጠሩት ወደ ፍልስጥኤም ተላኩ። በ1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በስደት ኢየሩሳሌም በደረሱ ጊዜ፥ በዚያም ዐረቦች ሥራ አቁመው አምፀው ነበርና፥ ፖሊሱ እንደ ገና ይጨመር ነበር።

ኢጣልያ ደግሞ በኤርትራ «ዛብጥያ» የሚባሉ የአገር ተወላጅ ጭፍሮች ነበሩአት። ቃሉ የቱርክ ነው፤ እስር ቤትን «ዘብጥያ» ማለትም ከዚሁ ሥር የመጣ ነው። ኢትዮጵያን ከወረረች በኋላ በ1929 ዓ.ም. አዲስ የቅኝ ግዛት ፖሊስ አቋቋመች፤ እርሱም በ1931 ዓ.ም. «የኢጣልያ አፍሪቃ ፖሊስ» ተባለ። ትምህርት ቤቱ በሮማ አጠገብ፥ በቲቮሊ ነበረ። ሆኖም ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባ ሕዝብ ሦስት ቀን ሲጨፈጨፍ፥ ሕግ አስከባሪ የተባለው ሁሉ አላዳነውም። በሲዳሞ የተዋጉት ራስ ደስታ ዳምጠውም በዚያው ወር በ17 ቀን ተገደሉ። ፖሊሱ ቢበዛም አርበኞች ከዱር አልወጡም።

ከነጻነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፖሊስ በአዋጅ ቍጥር 6 ተቋቋመ።

በሐዋሳና በሲዳማ፥ ምንም እንኳ ከቅኝ ግዛት ጋራ አንድ ባይሆን፥ በሐምሌ ወር 2011 ዓ.ም. ስለ ክልልነት ጥያቄ ሁከት ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ጸጥታ አስከባሪም ተጨመረ። ጥያቄው የተቈረጠው ግን ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በተሰጠው የሕዝብ ድምፅ ነው።