ጠባሳን ዳግም ከመቁረጥ በፊት

እንቅርት በቀዶ ሕክምና ከወጣ ወይም የቃጠሎ ቁስል በቆዳ ንቅለ ተከላ ከታከመ በኋላ አንገት ላይ የሚቀረው ጠባሳ አንድ ዓይነት አይደለም። ከቁስሉ ድንበር ሳይወጣ ያበጠ ጠባሳ በጊዜ ብዛት ሊለሰልስ ይችላል። ኬሎይድ ግን ድንበሩን ጥሶ ጤነኛውን ቆዳ ይይዛል፤ ያሳክካል፣ ያማልም፤ ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሰዎችም ይበዛል። የቃጠሎ ጠባሳ ደግሞ እየተኮማተረ አገጭን ወደ ደረት ይስባል። ታዲያ ሕክምናውን መምረጥ ያለብን ቢላዋ በሚችለው ሳይሆን ከቢላዋ በኋላ ሊደረግ በሚችለው ክትትል ነው። ይህ ደግሞ እንደ ማረሚያ ቤት ባለ፣ መውጣትና መግባት በአጀብ በሆነበት ቦታ ጎልቶ ይታያል።

ኬሎይድን ቆርጦ ብቻ መተው ብዙ ጊዜ ከበፊቱ የባሰ ኬሎይድ ያበቅላል። ስለዚህ ቀዳሚው አማራጭ ስቴሮይድ የተባለውን መድኃኒት በጠባሳው ውስጥ በየጥቂት ሳምንቱ መውጋት ነው፤ የሲሊኮን ልጣፍም ይረዳል። መቁረጥ ካስፈለገ መርፌው ይቀጥላል፤ አለዚያም ወዲያውኑ የጨረር ሕክምና ይከተላል። ጨረር ግን ለረጅም ዘመን በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ የሚገኝ፣ የካንሰር ሕሙማን ወረፋ የሚጠብቁበት አገልግሎት ነበር። የተኮማተረው የቃጠሎ ጠባሳ እንደ ገመድ ጠባብ ከሆነ በዜድ ቅርጽ ተቆርጦ ይረዝማል፤ ሰፊ ከሆነ ተፈትቶ አዲስ ቆዳ ይተከልበታል። የተተከለው ቆዳም መልሶ ስለሚሸበሸብ ታካሚው ለወራት የአንገት ድጋፍ ማድረግና አንገቱን ማንቀሳቀስ አለበት። የካቲት 12 እና አለርት ሆስፒታሎች በዚህ መሰሉ የመልሶ ግንባታ ቀዶ ሕክምና ይታወቃሉ።

«ለታራሚ ቁንጅና ምን ያደርግለታል?» የሚል ይኖራል። አገጩ ከደረቱ ጋር ለተጣበቀ ሰው ግን ጉዳዩ ቀና ብሎ ማየትና እንደ ልብ መመገብ እንጂ ቁንጅና አይደለም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 21 ታሳሪዎች ሰብዓዊ ክብራቸው ተጠብቆ የመያዝ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። እ.ኤ.አ. በ2015 በተባበሩት መንግሥታት የጸደቀው የታራሚዎች አያያዝ ደንብ (የማንዴላ ደንብ) ቁጥር 24 ደግሞ ታራሚ በኅብረተሰቡ ውስጥ ያለውን የሕክምና ደረጃ እንዲያገኝ፣ ሕክምናውም እንዳይቋረጥ ይጠይቃል። «አጀብና መኪና ከየት ይመጣል?» የሚለው ተቃውሞ የበለጠ ክብደት አለው። መልሱ ግን ሕክምናውን መከልከል ሳይሆን ምርጫውን ማስተካከል ነው፦ ስፔሻሊስቱ አንዴ ወስኖ ካዘዘ መርፌውን በሥልጠና ማረሚያ ቤቱ ውስጥ ባለ ክሊኒክ መስጠት ይቻላል፤ የአንገት ድጋፉንም እዚያው መከታተል ይቻላል። ለክትትሉ ማረጋገጫ ሳይገኝ በችኮላ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ግን ለታራሚውም ለመንግሥትም ኪሳራ ነው፤ ያገረሸው ጠባሳ ሌላ ቀዶ፣ ሌላ አጀብና ሌላ ወጪ ይጠይቃልና። ውጭ ያለው ታካሚም ቢላዋ ከመምረጡ በፊት ሐኪሙን «ከዚያ በኋላ ለስንት ወር ነው የምመላለሰው?» ብሎ ቢጠይቅ ይበጀዋል።