ባለቤቱ የጣለውን ድምፅ ማን አነሣው?

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 30 ቀን 1962 እሑድ ምሽት ሲ.ቢ.ኤስ. የተባለው የአሜሪካ የሬዲዮ ድርጅት ሁለት ተከታታይ ድራማዎችን ለመጨረሻ ጊዜ አስተላለፈ። አንደኛው «ሰስፔንስ» የተሰኘው ልብ አንጠልጣይ ዝግጅት ሲሆን፣ ሁለተኛው የኢንሹራንስ መርማሪውን የጆኒ ዳላርን ውሎ የሚተርከው ነበር። አሜሪካኖች «የሬዲዮ ወርቃማ ዘመን» የሚሉት ጊዜ ያን ምሽት ተዘጋ ይባላል። ቴሌቪዥን ሳሎኑን ወርሶታል፤ ስፖንሰሩም ገንዘቡን ይዞ ወደዚያው ዞሯል።

ከዚያ ምሽት ወዲህ ከስልሳ ዓመት በላይ ተቆጥሯል። ዛሬ ግን እነዚያን ድራማዎችና ሌሎች በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ዝግጅቶችን መስማት የፈለገ ሰው አያጣቸውም። ማን አቆያቸው ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ይገርማል። ከጣቢያዎቹ ይልቅ ብዙውን ያዳኑት ደመወዝ የማይከፈላቸው፣ ማንም ያልሾማቸው፣ አንዳንዴም ሕግ በጎሪጥ የሚያያቸው የድሮ ሬዲዮ አፍቃሪዎች ናቸው። ስለነዚህ ሰዎች ላወጋችሁ የፈለግሁት የሰው አገር ወሬ አምሮኝ አይደለም። የእነሱ ጥያቄ የእኛም ስለሆነ ነው። ባለቤቱ የጣለውን የሕዝብ ትዝታ ያነሣ ሰው ተመስጋኝ ነው ወይስ ተከሳሽ?

ቀድቶ ማሰማት ሲያሳፍር

ነገሩን ከሥሩ እንየው። በፒትስበርግ ከተማ የሚገኘው ኬ.ዲ.ኬ.ኤ. የተባለ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1920 የምርጫ ውጤት በሬዲዮ አሰማ። በ1926 ኤን.ቢ.ሲ.፣ በ1927 ሲ.ቢ.ኤስ. ተቋቋሙ። በ1930ዎቹ አሜሪካዊ ቤተሰብ ከእራት በኋላ ሬዲዮ ከቦ የሚቀመጥበት ዘመን መጣ። ቀልዱ፣ የከብት ጠባቂውና የሽፍታው ጀብዱ፣ የፖሊስ ምርመራው ሁሉ በጆሮ ይገባ ነበር። ለቤት እመቤቶች በቀን የሚተላለፈውን ተከታታይ ድራማ የሳሙና አምራቾች ስፖንሰር ያደርጉት ስለነበር «ሶፕ ኦፔራ»፣ ማለትም የሳሙና ድራማ፣ የሚለው ስም የወጣለት ያኔ ነው።

ሥራው ጥበብ ይጠይቃል። ለሁለት የተከፈለ የኮኮናት ቅርፊት የፈረስ ኮቴ ይሆናል። ስስ ቆርቆሮ ሲርገበገብ ነጎድጓድ፣ ሴሎፋን ሲጨማደድ የሚንቀለቀል እሳት ይሆናል። አድማጩ ቀሪውን በራሱ ምናብ ይሞላዋል። ኦርሰን ዌልስ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 30 ቀን 1938 «የዓለማት ጦርነት»ን በዜና መልክ አዘጋጅቶ ሲያቀርብ፣ ከማርስ የመጡ ፍጡራን ምድርን ወረሩ ብለው የደነገጡ አድማጮች ነበሩ። ጋዜጦቹ በማግሥቱ ድንጋጤውን አብዝተው እንዳጋነኑት በኋላ ዘመን አጥኚዎች አሳይተዋል። ቢሆንም የሬዲዮን ጉልበት ያየ ሰው ሁሉ ያንን ምሽት ይጠቅሳል።

ታዲያ ትልልቆቹ ድርጅቶች የተቀዳ ዝግጅት ማሰማትን እንደ ነውር ይቆጥሩት ነበር። በቀጥታ ያልተላለፈ ነገር አድማጭን ማታለል ይመስላቸዋል። በዚህ የተነሣ ተዋንያኑ ለምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል ከተጫወቱ በኋላ፣ የሰዓት ልዩነት ስላለ ለምዕራቡ ያንኑ ድራማ እንደገና በቀጥታ የሚጫወቱበት ጊዜ ነበር። በሜይ 1937 የሂንደንበርግ አየር መርከብ ሲቃጠል ኸርበርት ሞሪሰን የተባለው ጋዜጠኛ በስፍራው የቀዳው የሲቃ ዘገባ በኤን.ቢ.ሲ. የተሰማው ከዚህ ልማድ በወጣ ሁኔታ ነው።

ዝግጅቶቹ ጨርሶ አልተቀዱም ማለት ግን አይደለም። ስፖንሰሩ የከፈለበትን ለማረጋገጥ፣ ጣቢያውም ለመረጃ እንዲሆነው በትልልቅ ሸክላ ያስቀዳ ነበር። ሸክላው ስፋቱ 16 ኢንች ሲሆን አንዱ ገጽ ሩብ ሰዓት ያህል ይይዛል። በጦርነቱ ጊዜ አሉሚኒየም ሲጠፋ መደቡ ከመስታወት ይሠራ ጀመር። መስታወት ደግሞ አንዴ ከእጅ ካመለጠ አለቀለት። ልማዱን የሰበረው ዘፋኙ ቢንግ ክሮዝቢ ነው። በ1946 ዝግጅቱን ቀድቶ ለማሰማት ወደሚፈቅድለት ኤ.ቢ.ሲ. ሄደ፤ በዓመቱ ደግሞ ከጀርመን በተገኘ ዕውቀት ወደተሠራው የማግኔት ቴፕ ተሻገረ።

ሌላው የቅጂ ምንጭ የአሜሪካ ጦር ነበር። በ1942 የተቋቋመው የጦሩ ሬዲዮ አገልግሎት ታዋቂዎቹን ዝግጅቶች ማስታወቂያቸውን እያወጣ በሸክላ ያባዛና ወታደር ወዳለበት ሁሉ ይልክ ነበር። ይህ የጦር ሬዲዮ በእኛም ሰፈር ቅርንጫፍ ነበረው። እስከ 1977 እ.ኤ.አ. በአስመራ በቆየው የቃኘው ጣቢያ የሚኖሩ አሜሪካውያን የራሳቸውን ሬዲዮ ያዳምጡ ነበር። መመሪያው ሸክላዎቹ ካገለገሉ በኋላ ይወገዱ ይላል። ደግነቱ መመሪያውን ሁሉም አላከበረም። ዛሬ ከሚሰሙት ዝግጅቶች ብዙዎቹ የተረፉት አንድ ወታደር «ይህማ አይጣልም» ብሎ ሻንጣው ውስጥ ስለከተታቸው ነው።

ሰብሳቢዎቹ

ድራማው ከሬዲዮ በጠፋባቸው ዓመታት ሰብሳቢዎቹ በዙ። ጣቢያ ዕቃ ቤቱን ሲያጸዳ ከቆሻሻው ላይ ሸክላ የሚያነሡ፣ የሟች ተዋናይ ቤተሰብን ደጅ የሚጠኑ፣ ወደ ሪል ቴፕ የሚገለብጡ ሰዎች ነበሩ። አንዱ ያለውን ለሌላው በፖስታ ይልካል፤ ያኛው በምትኩ የጎደለውን ክፍል ይሰድለታል። ከሪል ወደ ካሴት ክር፣ ከካሴት ወደ ሲዲ፣ ከዚያም ወደ ኮምፒዩተር ፋይል ተሻገሩ። በ1974 በካሊፎርኒያ ስፐርድቫክ የተባለው ማኅበራቸው ተመሠረተ። በሕይወት የነበሩ ተዋንያንን እየጋበዙ ያከብሩ፣ የድሮውን ድራማ ከመድረክ ላይ እንደገና ያስጫውቱ ነበር።

የዚህ ፍቅር ትልቁ ሥራ ክር መለዋወጡ ብቻ አልነበረም። ክፍል ስንት በየትኛው ቀን ተላለፈ፣ ማን ተጫወተ፣ ማን ጻፈው የሚለውን ከአሮጌ ጋዜጣ ጋር እያመሳከሩ መዘገቡ። ያልተመዘገበ ድምፅ ስም የሌለው አስከሬን ነው፤ የማን እንደሆነ የሚነግር የለም።

ሌባውን የያዘው ሰብሳቢ

ይህን ሁሉ ለመንግሥት አስረክቦ መገላገል አይሻልም ወይ የሚል ይኖራል። ጄ. ዴቪድ ጎልዲን የተባለው ዕውቅ ሰብሳቢ ይህንኑ አድርጎ ነበር። በ1970ዎቹ ከስብስቡ ብዙ ሸክላ ለአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት በነፃ ሰጠ። በ2010 ግን ኢንተርኔት ላይ ሲገበያዩ የቤዝቦል ተጫዋቹ የቤብ ሩት የ1937 ቃለ ምልልስ ለጨረታ ቀርቦ አየ። የገዛ እጁ ስጦታ መሆኑን ዐወቀው፤ ለቤተ መዛግብቱም አመለከተ። ክሩ ሲመዘዝ ሻጩ ሌላ ሳይሆን የዚያው ቤተ መዛግብት የድምፅና የምስል ክፍል የቀድሞ ኃላፊ ሆኖ ተገኘ። ከ900 በላይ ቅጂዎችን መውሰዱን አምኖ በ2012 የ18 ወራት እስራት ተፈረደበት።

እኔ ከዚህ ታሪክ የምወስደው «መንግሥትን አትመኑ» የሚለውን አይደለም። ሌባውን ያስያዘው ዘበኛ ወይም መቆለፊያ ሳይሆን ንብረቱን በስሙና በመልኩ የሚያውቅ አፍቃሪ ነበር። መዝገብ ቤት የሚጠበቀው ውጭ ሆኖ የሚጠይቅ ሰው ሲኖር ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ። በአሜሪካ ከፌብሩዋሪ 15 ቀን 1972 በፊት የተቀዳ ድምፅ ለረጅም ዘመን በፌዴራሉ የቅጂ መብት ሕግ ውስጥ አልነበረም። እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት በራሱ ሕግ ይዳኘው ነበር። በ2018 የወጣው የሙዚቃ ሕግ ይህን ወደ አንድ አመጣው። ከ1923 በፊት የታተሙ ቅጂዎች በጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ነፃ ወጡ፤ ሌሎቹ እንደ ዕድሜያቸው ወረፋ ይጠብቃሉ። ችግሩ አንድ ዝግጅት በአየር ላይ መተላለፉ ብቻውን በአሜሪካ ሕግ «መታተም» አለመሆኑ ነው። ያልታተመ የዚያ ዘመን ቅጂ ደግሞ ጥበቃው እስከ ፌብሩዋሪ 2067 ይዘልቃል። እንግዲህ በ1938 የተላለፈ፣ ተዋንያኑ ያለፉ፣ ስፖንሰሩ የፈረሰ ድራማ በወረቀት ላይ እስከ 2067 ባለቤት አለው ማለት ነው።

ሕግ አውጪው ግን አንድ ጠባብ በር ትቷል። በንግድ ሥራ ላይ ያልዋለ የድሮ ቅጂን ለትርፍ ላልሆነ ዓላማ መጠቀም የሚፈልግ ሰው ባለቤቱን ከልብ ፈልጎ ካላገኘ፣ ለቅጂ መብት ጽሕፈት ቤቱ ማስታወቂያ ያስገባል። በ90 ቀናት ውስጥ ባለመብቱ ካልተቃወመ ይጠቀምበታል። መብትን ሳይሽር የተዘነጋን ሥራ የሚያስነሣ ብልህ መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ።

ወደ እኛ ስንመጣ

የእኔ ዕድሜ እኩዮች ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ሲተርክ ሰምተን አድገናል። በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን መጽሐፉን ሳንገልጥ በፊት በእሱ ድምፅ ዐወቅናቸው። ያ ትረካ ከእጅ ወደ እጅ በካሴት ሲዞር ኖሮ ዛሬም በየስልኩ ይሰማል። እኛም ስም አላወጣንላቸውም እንጂ ሰብሳቢዎች አሉን ማለት ነው።

በእኛ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እንዲህ ያለ ትረካ አንድ ሳይሆን ሦስት መብት ይደራረብበታል። ደራሲው በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። የተራኪው የክዋኔ መብት 50 ዓመት ነው። ያሠራጨው ጣቢያ መብት ደግሞ 20 ዓመት ብቻ ነው። (ከአዋጁ በፊት ለተሠሩት የመሸጋገሪያ ድንጋጌውን ማየት ያስፈልጋል።) ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ነውና የድርሰቱ መብት ገና ብዙ ዓመት ይቀረዋል። ቴፑ በእጁ ያለው ጣቢያ መብቱ አጭር ነው፤ መብታቸው ረጅም የሆነው ደራሲና ተራኪ ደግሞ ቴፑ በእጃቸው የለም። አንዱ ያለ ሌላው ምንም ማድረግ አይችልም። በመሐል ክሩ ይሻግታል።

አዋጁ ለትርፍ ላልቆመ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት ሥራን ከመጥፋት ለማዳን ማባዛትን ይፈቅዳል። ግለሰብም ለግል ጥቅሙ አንድ ቅጂ እንዲያደርግ ይፈቀድለታል። ነገር ግን ያንን ቅጂ ለሌላው ማካፈል ሲጀምር ከፈቃዱ ውጭ ነው። አሜሪካዊው ያገኛት የ90 ቀን በር እኛ ዘንድ የለችም።

ደራሲና ተዋናይ በድህነት ሲማቅቁ ካሴታቸውን እያባዛ የከበረ ሰው ባለበት አገር የቅጂ መብት ይላላ ብዬ አልከራከርም። ሰብሳቢ ሁሉ ጻድቅ አይደለም፤ በሰው ላብ የሚነግድ ሞልቷል። የምለው ሌላ ነው። የሚሸጠውና የሚያድነው በአንድ ዓይን አይታዩ። የሕዝብ ጣቢያዎች ምን እንዳላቸው ዝርዝሩን ያውጡ፤ ዝርዝር ማውጣት የማንንም መብት አይነካም። ሕግ አውጪው አዋጁን ሲያሻሽል ባለቤቱ ላልተገኘ ሥራ የማስታወቂያና የመቃወሚያ ጊዜ ያብጅለት። ቤቱ አሮጌ ክር ያለው አንባቢም ቴፑ ሳይበጠስ ለግሉ ይገልብጥና በላዩ ላይ ቀኑን፣ የዝግጅቱን ስምና የተራኪውን ስም ይጻፍበት።

«የነገሩት ቢረሳ የጻፉት ይወሳ» ይላል ያገራችን ሰው። ሬዲዮ ግን የተነገረ ነው፤ እንዲወሳ ከተፈለገ የሚያስቀምጠው ሰው ያስፈልገዋል። መብትን እያስከበርን አስቀማጩን የምናከብርበት ሕግ ማውጣት አያቅተንም። ክሩ ግን እስክንወስን አይጠብቀንም።