በ12 ፊደል ተጽፎ «ቸምሊ» የሚባለው ስም

መዳፍዎን ጠረጴዛው ላይ ያድርጉና ቀስ ብለው «ቾልሞንደሌይ» ይበሉ። አሁን ደግሞ «ቾል» ላይ ብቻ ጠረጴዛውን መታ እያደረጉ ደጋግመው በፍጥነት ይጥሩት። መጀመሪያ መሀል ያለው «ንደ» ይዋጣል። ከዚያ «ል» «ም» ፊት ሲደርስ ይጠፋል። ትንሽ ከገፉበት አፍዎ ላይ የሚቀረው «ቸምሊ» ነው።

እንግሊዞችም ይህን ብርቅ የቤተሰብ ስም «ቸምሊ» ብለው ነው የሚጠሩት። ሲጽፉት ግን 12ቱንም የላቲን ፊደላት ይደረድራሉ።

ስሙ መጀመሪያ የሰው ሳይሆን የቦታ ነበር፤ በቼሽር አውራጃ ያለ መንደር። ትርጉሙ «የቼኦልሙንድ ምንጣሮ» ነው፤ ቼኦልሙንድ የሰው ስም፣ ምንጣሮው ደኑ ተቆርጦ የተገኘው ገላጣ መሬት። እ.ኤ.አ. በ1086 የእንግሊዝ ንጉሥ ድል አድራጊው ዊልያም ባስጻፈው የመሬት መዝገብ ላይ «ካልሙንደሌይ» ተብሎ ሰፍሯል። በኋላ ርስቱን የያዘው ቤተሰብ በመንደሩ ስም ተጠራ፤ ልጅም ከአባቱ ወረሰው።

ብልሃቱ ያለው መውረሱ ላይ ነው። በእኛ ዘንድ ልጅ በአባቱ ስም ይጠራል፤ የልጅ ልጅ ሲመጣ ያ ስም ቦታውን ለሌላ ይለቃል። እዚያ ግን አንዱ ስም በብዙ ትውልድ አፍ ይታሻል። ልክ እንደ ሳሙና ነው፦ በየቀኑ የሚነካው ያልቃል፣ መጠቅለያው ላይ ያለው ጽሑፍ ግን እንደታተመ ይቀራል።

ቶሎ የሚያልቀው ደግሞ መሀሉ ነው። እንግሊዝኛ የስሙን መነሻ ረግጦ ሲጠራ ለቀሪው ትንፋሽ ይቆጥባል። ጠረጴዛውን ያስመታሁዎት ለዚህ ነው።

ሁሉም ግን መጠቅለያውን አላስቀመጠም። የቼሽሩ ቤተሰብ፣ እ.ኤ.አ. በ1815 የማርኳስ ማዕረግ ያገኘው፣ ረጅሙን አጻጻፍ ይዞ ቀረ። በዮርክሽር የኖሩት ዘመዶቹ መሀሉን ቆርጠው «ቾልምሊ» ጻፉ፤ በእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት የስካርቦሮን ግንብ ለንጉሡ ይዞ የተዋጋው ሰር ሂው ከእነሱ ነው። እንደሚጠራው አድርገው «ቸምሊ» ብለው የጻፉም አሉ። ለእኔ ደፋሮቹ እነሱ ናቸው።

በራሳችን ቋንቋም ሌላ ሙከራ ይኸውልዎ። ዛሬ ቡና ሲቀርብልዎ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብለው ያመስግኑ፤ ከዚያ ቤተሰቡ ሲያመሰግን ጆሮ ይስጡ። ስንቱ «እግዜር» እንደሚል ይቁጠሩ፤ «እግዚአብሔር»ን ወረቀት ላይ ጽፈውም የተዋጡት ድምፆች ላይ ያስምሩ።