ሜታል ዲቴክተርና ጥንታዊ ሳንቲም፦ የትኛው መሣሪያ ለየትኛው አፈር?

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1992 በምሥራቅ እንግሊዝ፣ በሰፎክ ግዛት፣ ሆክስን በምትባል መንደር አንድ ገበሬ በማሳው ውስጥ መዶሻ ጠፋበት። ሜታል ዲቴክተር የነበረው ጡረተኛ ወዳጁ ይፈልግለት ዘንድ ወደ ማሳው ሄደ። መሣሪያው ጮኸ፤ ከአፈሩ የወጣው ግን መዶሻው ሳይሆን የብር ማንኪያ፣ የወርቅ ጌጥና ሳንቲም ነበር። ሰውየው ጥቂት ከቆፈረ በኋላ ሥራውን አቁሞ ለሚመለከታቸው ሰዎች አስታወቀ። በማግስቱ የደረሱት አርኪዮሎጂስቶች ባካሄዱት ቁፋሮ ወደ 15,000 የሚጠጉ በሮማውያን ዘመን የተቀበሩ ሳንቲሞችና 200 ያህል የወርቅና የብር ዕቃዎች ተገኙ። የጠፋው መዶሻም ኋላ ተገኝቶ ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገብቷል።

ይህን የመሰለ ዜና የሰማ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ምርጡ መሣሪያ የትኛው ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው ግን እንዲህ ሲቀርብ መልስ የለውም። የምንፈልገው ብረት፣ የምንፈልግበት አፈርና የምንፈልግበት ዓላማ ሳይታወቅ ከሌሎች ሁሉ የሚበልጥ መሣሪያ አይኖርም። በዚህ ጽሑፍ የመሣሪያውን አሠራር ከፊዚክስ አንጻር ካየን በኋላ ምርጫው በምን ላይ ሊመሠረት እንደሚገባ እንመለከታለን።

መሣሪያው እንዴት ይሠራል?

የሜታል ዲቴክተር መሠረት ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 ያሳየው ኤሌክትሮማግኔታዊ ኢንዳክሽን ነው። በመሣሪያው ጫፍ ባለው ክብ ሰሌዳ ውስጥ ጥቅል ሽቦ አለ። በዚህ ሽቦ ውስጥ አቅጣጫውን በየቅጽበቱ የሚለዋውጥ የኤሌክትሪክ ጅረት ሲያልፍ በዙሪያው ተለዋዋጭ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጠራል። መስኩ አፈር ውስጥ ያለ ሳንቲም ሲያገኝ በሳንቲሙ ውስጥ የሚሽከረከር ጅረት ያስነሣል። ይህ ጅረት በበኩሉ የራሱን ደካማ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል፤ ሁለተኛው፣ ተቀባዩ ጥቅል ሽቦ የሚያዳምጠው ይህንኑ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የቴሌፎን ፈልሳፊ አሌክሳንደር ግራሃም ቤል እ.ኤ.አ. በ1881 በአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ ሰውነት ውስጥ የቀረችውን ጥይት በተመሳሳይ መሣሪያ ለማግኘት ሞክሮ አልተሳካለትም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ፖላንዳዊው መኮንን ዩዜፍ ኮሳትስኪ የሠራው የፈንጂ መፈለጊያ በሥራ ላይ ውሏል። ዛሬ ሳንቲም ፈላጊዎች የሚይዙት መሣሪያ የእነዚህ ዘር ነው።

አንደኛ ጥያቄ፦ የምንፈልገው ምንድን ነው?

ብረታ ብረት ሁሉ ኤሌክትሪክን እኩል አያስተላልፍም። የብርን አስተላላፊነት 100 ብንለው የመዳብ 95፣ የወርቅ 70 ገደማ ይሆናል። ከመቶ አሥር እጅ ቆርቆሮ ያለበት ነሐስ ወደ 10፣ እርሳስም ወደ 8 ይወርዳል። አስተላላፊነቱ ከፍ ባለና መጠኑ በገዘፈ ዕቃ ውስጥ የተነሣው ጅረት ቶሎ አይጠፋም፤ ስለዚህ ምላሹ ዘግየት ብሎ ይመጣል። መሣሪያው ይህን መዘግየት ለክቶ በማሳያው ላይ በቁጥር ወይም በድምፅ ቅላጼ ያሳውቀናል።

የድግግሞሽ ምርጫም ከዚሁ ይመነጫል። ከ5 እስከ 8 ኪሎኸርዝ የሚሠራ መሣሪያ ለትልልቅ የብርና የመዳብ ሳንቲሞች ጥሩ ነው። ትንሽና ስስ የሆነ ሳንቲም፣ ወይም ቀጭን የወርቅ ጌጥ፣ ለዝቅተኛ ድግግሞሽ የሚሰጠው ምላሽ ደካማ ስለሆነ ከ15 ኪሎኸርዝ በላይ የሚሠራ መሣሪያ ይሻላል። በአንድ ጊዜ በብዙ ድግግሞሽ የሚሠሩት መሣሪያዎች ዋጋቸው ከፍ ቢልም ሁለቱን ፍላጎት ለማስታረቅ የተሠሩ ናቸው።

የአክሱምን ሳንቲሞች እንደ ምሳሌ እንውሰድ። የአክሱም ነገሥታት ከ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ ከወርቅ፣ ከብርና ከነሐስ ሳንቲም አስቀርጸዋል። ብዙዎቹ የነሐስ ሳንቲሞች ስፋታቸው ከ2 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። በአንዳንዶቹ የብርና የነሐስ ሳንቲሞች ላይ ደግሞ በንጉሡ ምስል ወይም በመስቀሉ ዙሪያ ስስ የወርቅ ቅብ ይታያል። በ10 ኪሎኸርዝ የሚሠራ መስክ በመዳብ ውስጥ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በላይ ዘልቆ ይገባል፤ እጅግ ስስ የሆነውን ቅብ እንደሌለ ቆጥሮ ያልፈዋል። በመሆኑም በወርቅ የተዋበውም ሆነ ያልተዋበው ሳንቲም ለመሣሪያው አንድ ነው፤ ሁለቱንም «ትንሽ የነሐስ ቁራጭ» ብሎ ያነባቸዋል።

ከዚህ የምንማረው ትልቅ ቁም ነገር አለ። ሜታል ዲቴክተር የሚለካው አስተላላፊነትን፣ መጠንንና ቅርጽን በአንድነት ነው እንጂ ዕድሜንና ክብርን አይደለም። የወርቅ ቀለበትና የለስላሳ መጠጥ ጣሳ መክፈቻ ተመሳሳይ ቁጥር ሊሰጡ ይችላሉ። «ቆሻሻውን ለይቶ የሚተው» ተብሎ የሚሸጥ መሣሪያ ሁሉ ከቆሻሻው ጋር አብሮ የሚተወው ነገር አለ። መሣሪያውን ብረትን ችላ እንዲል አድርጎ ያስተካከለ ሰው ምስማርን ያስወግዳል፤ ነገር ግን ጥንታዊ ጦርን፣ ማጭድንና የሣጥን ማጠፊያንም ያጣል። የሆክስኑን መዶሻ የፈለገ ሰውም ብረትን ዝም ሊያሰኝ አይችልም ነበር።

ሁለተኛ ጥያቄ፦ አፈሩ ምን ይመስላል?

አፈርም ራሱ ለመሣሪያው ይናገራል። ማግኔታይትን የመሰሉ የብረት ማዕድናት የበዙበት አፈር ሳንቲሙ ከሚሰጠው ምልክት እጅግ የበረታ ምልክት ይሰጣል። ከባዛልት ዐለት የተገኘ ቀይ አፈር የዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎችም ባዛልት በሰፊው ይገኛል። የጨው ውኃ ያረሰረሰው የባሕር ዳርቻም ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ መሣሪያውን ያደናግረዋል። ስለዚህ በእንግሊዝ የእርሻ ማሳ የተመሰገነ መሣሪያ በባዛልት አፈር ላይ ያለማቋረጥ ሊጮኽ ይችላል። ገዢው የአፈሩን ምልክት የሚያስተካክል መቆጣጠሪያ መኖሩን፣ በእጅም ጭምር ሊስተካከል መቻሉን ማረጋገጥ ይኖርበታል።

በእንዲህ ያለ አፈር ላይ ሌላው አማራጭ የፐልስ ኢንዳክሽን መሣሪያ ነው። ይህኛው መስኩን ያለማቋረጥ አያሰራጭም፤ አጭር የጅረት ምት ይልክና ካቋረጠ በኋላ ዝም ብሎ ያዳምጣል። የአፈሩ ምላሽ በአብዛኛው ፈጥኖ ስለሚጠፋ ዘግይቶ የሚደርሰውን የብረታ ብረት ምላሽ መስማት ይቻላል። በጥልቀትም ይበልጣል። ጉድለቱ ምስማርን ከሳንቲም የመለየት ችሎታው ደካማ መሆኑ ነው፤ ስብርባሪ ብረት በበዛበት የጥንት መንደር ላይ ፈላጊውን ከንቱ ያደክመዋል።

ሦስተኛ ጥያቄ፦ ምን ያህል ጥልቀት?

በማስታወቂያዎች ላይ ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው ጥልቀት ነው። እዚህ ላይ የተፈጥሮን ሕግ ማስታወስ ይጠቅማል። መሣሪያው የሚልከው መስክ ከጥቅል ሽቦው ሲርቅ በርቀቱ ሦስተኛ ኃይል ልክ ይደክማል፤ ከሳንቲሙ የሚመለሰውም እንዲሁ። ሁለቱ ሲባዙ ምልክቱ በርቀቱ ስድስተኛ ኃይል ይቀንሳል ማለት ነው። በ10 ሳንቲ ሜትር የተሰማ ሳንቲም በ20 ሳንቲ ሜትር ላይ የሚሰጠው ምልክት የቀድሞው 1/64 ያህል ብቻ ይሆናል። ስለዚህ የመሣሪያውን ጉልበት እጥፍ ማድረግ የሚጨምረው ጥልቀት ጥቂት ነው። ሳንቲምን የሚያህል ነገር ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ባለው ጥልቀት ይገኛል፤ «ሳንቲምን ከሁለት ሜትር በታች ያሳያል» የሚል ሻጭ ቢገጥመን ጥርጣሬያችን ተገቢ ነው።

የክብ ሰሌዳው ስፋትም ይታሰብበት። ሰፊው ሰሌዳ፣ 30 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነው፣ ጥልቀትና ፍጥነት ይሰጣል፤ ነገር ግን ትንሹን ሳንቲም ከጎኑ ካለው ምስማር ለይቶ አያሳይም። 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነው ጠባብ ሰሌዳ ጥልቀቱ ቢያንስም በስብርባሪ መካከል ያለውን አንድ ሳንቲም ለይቶ ያሳያል። ሰሌዳው የሚቀያየርበትን መሣሪያ መግዛት፣ ከዚያም በታወቀ ጥልቀት የራስን ሳንቲም ቀብሮ መለማመድ ከማስታወቂያ ሁሉ የተሻለ አስተማሪ ነው።

ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት

እስካሁን የተናገርነው መሣሪያው ስለሚሰማው ነገር ነው። የማይሰማውስ? በሆክስን ፈላጊው ቁፋሮውን በማቆሙ አርኪዮሎጂስቶቹ ሀብቱ የተቀበረበትን የእንጨት ሣጥን ቅሪት፣ ዕቃዎቹ በውስጡ የተደረደሩበትን ሥርዓት፣ የጨርቅና የገለባ ርዝራዥ ሳይቀር ለማጥናት ችለዋል። እንጨት፣ ጨርቅና ገለባ መሣሪያውን አያስጮኹትም። ሳንቲሙ ተነቅሎ ቢወጣ ኖሮ ወርቁ ባልጠፋ፣ ታሪኩ ግን በጠፋ ነበር። ሳንቲም ከተኛበት የአፈር ንብርብር፣ ከጎኑ ካለው የሸክላ ስባሪና ከከሰል ቁራጭ ጋር ሲገኝ ዘመንን፣ ንግድንና የሰውን ኑሮ ይመሰክራል። ብቻውን በኪስ ውስጥ ሲገኝ ግን ምስክርነቱ ይቀንሳል።

ሕግም ይህንኑ ይከተላል። በእንግሊዝ ከባለ መሬቱ ፈቃድ ውጭ መፈለግ፣ ጥበቃ በሚደረግላቸው ጥንታዊ ሥፍራዎችም ያለ ልዩ ፈቃድ መሣሪያውን መጠቀም ክልክል ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ሕግ የወርቅና የብር ጥንታዊ ግኝት እንዲነገር ያስገድዳል፤ በእንግሊዝና በዌልስ ግኝቶች በፈቃደኝነት የሚመዘገቡበት ሥርዓትም ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ዕቃዎችን መዝግቧል። በአገራችን በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን ለመፈለግና ለማጥናት ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ደንግጓል፤ በግንባታም ሆነ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ እንዲያሳውቅና እስኪረከቡት ድረስ ባለበት እንዲጠብቀው አዝዟል። ስለዚህ በአክሱም ማሳ ላይ ዝናብ አጥቦ ያወጣትን ሳንቲም ያየ ተማሪ ሊቆፍር ሳይሆን ቦታውን ሊያስታውስና ሊያሳውቅ ይገባዋል።

ሌላም ሥጋት አለ። ጦርነት ባለፈባቸው አካባቢዎች ከመሬት በታች የሚጮኸው ነገር ያልፈነዳ ጥይት ወይም ፈንጂ ሊሆን ይችላል። መሣሪያው የነሐሱን ሳንቲም ከጥይቱ የነሐስ ቀፎ አስተማማኝ በሆነ መንገድ አይለይም፤ ስሕተቱም ሕይወት ያስከፍላል።

እንግዲህ መሣሪያ የሚመርጥ ሰው ጥያቄዎቹን በቅደም ተከተል ይጠይቅ፦ ፈቃድ አለኝን? ቦታው ከፈንጂ የጸዳ ነውን? የምፈልገው ብረት ምንድን ነው? አፈሩስ? ዋጋና ጥልቀት የሚመጡት ከእነዚህ በኋላ ነው። ለእነዚህ መልስ ያለው ሰው በመጠነኛ መሣሪያ ብዙ ይሠራል፤ መልስ የሌለው ግን እጅግ ውድ በሆነው መሣሪያ የሚያገኘው ምስማርና ቆርኪ፣ የከፋም ሲሆን የራሱን አገር ታሪክ የሚያፈርስበት ጉድጓድ ነው።