ለሩቅ መንገድ የተሠራ ሞተር በሁለት ኪሎ ሜትር የቢሮ ምልልስ

በደብረ ታቦር ከተማ ጠዋት የመንግሥት ሥራ ከመጀመሩ ቀደም ብሎ ከየመኖሪያ ሰፈሩ ወደ መሥሪያ ቤት ከሚያመሩት ተሽከርካሪዎች መካከል ለመስክ ሥራ የተገዙ ላንድክሩዘሮችና ደብል ጋቢና ፒካፖች ይገኙበታል። ከተማዋ ሰፊ ባለመሆኗ ጉዞው ብዙውን ጊዜ ከሁለትና ከሦስት ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ሞተሩ ይነሳል፣ ጥቂት ደቂቃ ይሄዳል፣ በቅጡ ሳይሞቅ ይጠፋል። በምሳ ሰዓትና ከሥራ መውጫ ላይም ይኸው ይደገማል።

እንዲህ የሚያዝ ተሽከርካሪ ለተመልካች በጥንቃቄ የተጠበቀ ይመስላል። አቧራ አልለበሰም፣ ዳገት አልወጣም፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውም ብዙ አልተንቀሳቀሰም። የሞተር አሠራር የሚያመለክተው ግን ተቃራኒውን ነው። ረጅም ርቀት እንዲሄድ ታስቦ የተሠራ ሞተር በአጭር ምልልስ ብቻ ሲያዝ ከውጭ በማይታይ መንገድ ይጎዳል። ጉዳቱ ገሃድ የሚወጣውም በአመዛኙ ተሽከርካሪው ለአስቸኳይ ግዳጅ ወደ ጋይንት ወይም ወደ ስማዳ እንዲወጣ በሚታዘዝበት ዕለት ነው።

ጉዳዩ በሌላው ዓለም በብዛት የሚነሳው ከስፖርት መኪናዎች ጋር ተያይዞ ነው። የስፖርት መኪና ሞተር ለከፍተኛ ፍጥነትና ለከፍተኛ ሙቀት የሚዘጋጅ በመሆኑ የሚይዘው ዘይት ብዙ ነው። ለአብነት ያህል የጀርመኑ ፖርሽ ኩባንያ እስከ እ.ኤ.አ. 1998 ድረስ ይሠራቸው የነበሩት በአየር የሚቀዘቅዙ 911 መኪናዎች 10 ሊትርና ከዚያ በላይ የሞተር ዘይት ይይዙ ነበር። ይህን ያህል ዘይት በሁለት ኪሎ ሜትር መንገድ አይሞቅም። ሌላው የጀርመን ኩባንያ ቢኤምደብልዩ በእ.ኤ.አ. 1998 ለገበያ ባቀረበው ኤም 5 መኪና የሞተር ዙር መቁጠሪያ ላይ ዘይቱ እየሞቀ በሄደ መጠን በተራ የሚጠፉ መብራቶችን ያደረገው ሾፌሩ ቀዝቃዛ ሞተር ላይ ነዳጅ አብዝቶ እንዳይሰጥ ለማስጠንቀቅ ነው።

በደቡብ ጎንደር ጎዳናዎች ላይ የስፖርት መኪና ማየት የተለመደ አይደለም። ይሁን እንጂ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለረጅም ዘመን ያገለገለው ባለ 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር ላንድክሩዘርም የሚይዘው ዘይት ወደ 10 ሊትር ይጠጋል። ሁለቱ መኪናዎች በመልክና በዋጋ የማይገናኙ ቢሆኑም በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ከቤት እስከ ቢሮ ለሚደረግ ምልልስ አልተሠሩም።

ችግሩ የሚጀምረው ከውኃ ነው። ነዳጅ ሲነድ ጭስ ብቻ ሳይሆን ውኃም ይፈጠራል፤ በነዳጁ ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ስለሚዋሐድ አንድ ሊትር ቤንዚን ወይም ናፍጣ ሲቃጠል በግምት አንድ ሊትር ውኃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ሞተሩና የጭስ ማውጫው በሚገባ ሲሞቁ እንፋሎቱ ከጭሱ ጋር ተጠራርጎ ይሄዳል። ቀዝቃዛ በሆኑ ጊዜ ግን ከፊሉ ወደ ጠብታነት ተለውጦ በማርሚታው ውስጥ ይቀራል፣ ከፊሉም በፒስተን ቀለበቶች በኩል እያለፈ ወደ ዘይቱ ይገባል። ጠዋት ጠዋት ከመኪና የጭስ ማውጫ ጫፍ የሚንጠባጠበው ውኃ ከዚህ የመጣ ነው።

ወደ ዘይቱ የገባው ውኃ ብቻውን አይቀመጥም። በነዳጁ ውስጥ ካለው ድኝ ከሚመነጨው ጋዝ ጋር ሲገናኝ አሲድ ይፈጥራል፤ አሲዱም ብረት ይበላል። ከዚህም ሌላ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የሚረጨው ነዳጅ በሙሉ ስለማይነድ የተረፈው የሲሊንደሩን ግድግዳ እያጠበ ወደ ታች ይወርዳል፤ ብረትን ከብረት የሚለየውን የዘይት ሽፋን ያጥባል፣ ዘይቱንም ያቀጥናል። ውኃው፣ ያልነደደው ነዳጅና ጥላሸቱ ተደባልቀው ውለው ሲያድሩ ወፍራም ዝቃጭ ይሆናሉ፤ ዝቃጩም ዘይት የሚያልፍባቸውን ጠባብ ቧንቧዎች መድፈን ይጀምራል። የረጅም መንገድ ተሽከርካሪ ከዚህ ሁሉ የሚድነው ዘይቱ ለበርካታ ደቂቃዎች ከ90 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ስለሚሞቅና ውኃውም ነዳጁም ተንነው ስለሚወጡ ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው በመሪው ፊት ያለው የሙቀት መለኪያ የሚያሳየው የውኃውን እንጂ የዘይቱን ሙቀት አለመሆኑ ነው። መርፌው መሃል ላይ ሲደርስ ዘይቱ ገና ቀዝቃዛ ሊሆን ይችላል፤ ዘይቱ በቅጡ እስኪሞቅ 10 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ መጓዝ ያስፈልጋል።

የደብረ ታቦር የመሬት አቀማመጥ ደግሞ ችግሩን ያባብሰዋል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች መቀዝቀዙ የተለመደ ነው። በዚህ ከፍታ ያለው አየር ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል የሳሳ በመሆኑ ተርቦ የሌለው የቆየ የናፍጣ ሞተር የሚደርሰው ኦክስጅን ያንሳል፤ የነዳጅ ፓምፑ ግን እንደ ቆላው ሁሉ ያንኑ መጠን ይረጫል። ውጤቱ ጥቁር ጭስና በዘይቱ ውስጥ የሚጠራቀም ጥላሸት ነው። (ከተማዋ ከባድ ነገርን በመንኮራኩር በማንቀሳቀስ የቆየ ታሪክ አላት። ዐፄ ቴዎድሮስ በአቅራቢያዋ በጋፋት ያሠሩት፣ 7 ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከዚህ ደጋ ተነስቶ መቅደላ ለመድረስ ወራት ፈጅቶበታል።)

ከፍታው ሌላም መዘዝ አለው። በደብረ ታቦር ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው። በመሆኑም የራዲያተር ክዳኑ የላላ ወይም በማቀዝቀዣ ፈሳሽ ፈንታ ተራ ውኃ የተሞላበት መኪና ከወረታ በዓለም በር አድርጎ ሲወጣ በቀላሉ ይፈላል። ወረታ 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ የምትገኝ በመሆኗ ተሽከርካሪው በ40 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ 900 ሜትር ያህል ወደ ላይ ይወጣል። ይህ ሲያጋጥም አንዳንድ ጋራዦች የሚወስዱት እርምጃ ተርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ነው። ተርሞስታት ሞተሩ 80 ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ ድረስ ውኃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋ ትንሽ በር ሲሆን፣ ሲወጣ ውኃው ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ወደ ራዲያተሩ ስለሚፈስ መኪናው በዳገቱ ላይ የሚፈላበት አጋጣሚ ሊቀንስ ይችላል። ያው መኪና በማግሥቱ በከተማው ውስጥ ሲመላለስ ግን ውሎውን ሙሉ የማይሞቅ ይሆናል። መፍትሔው የራዲያተሩን ክዳንና ፈሳሹን ማስተካከል ሆኖ ሳለ ተርሞስታቱን መጣል አንድን ችግር በሌላ መለወጥ ነው፤ በጥገና ሰነድ ላይም ስለማይመዘገብ ቀጣዩ ሾፌር የሚያውቅበት መንገድ የለም።

ለንብረት አስተዳደርና ለስምሪት ክፍል ሠራተኞች ከሁሉ በላይ ሊያሳስብ የሚገባው የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ነገር ነው። ሁለት ኪሎ ሜትር የሆነ መንገድ በቀን አራት ጊዜ የሚመላለስ መኪና ስምንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ በወር 22 የሥራ ቀን ቢታሰብ 176 ኪሎ ሜትር፣ በዓመት ደግሞ 2,100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየር የሚል አሠራር ካለ ይህ መኪና ዘይት የሚቀየርለት ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ እስከዚያው ሞተሩ 2,500 ጊዜ ይነሳል። በየቀኑ ባሕር ዳር ደርሶ የሚመለሰው ሌላኛው መኪና 200 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ 5,000 ኪሎ ሜትሩን በ25 ቀን ይጨርሳል። የዋናዎቹን ጉዞዎች መነሻ ብቻ ብንቆጥር ሞተሩ የተነሳው 50 ጊዜ ነው። በመዝገቡ ላይ ሁለቱ እኩል የሠሩ ይመስላሉ፤ በሞተራቸው ውስጥ ያለው ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው።

አምራቾችም ይህን ያውቃሉ። አንዳንድ የቶዮታ መመሪያ መጻሕፍት የአየሩ ሙቀት ከዜሮ በታች በሆነበት ቦታ ከስምንት ኪሎ ሜትር ያነሰ ጉዞ መደጋገምን ከከባድ አጠቃቀም ይመድቡታል፤ አቧራማ መንገድንም እንዲሁ። በከባድ አጠቃቀም የሚሠራ መኪና ዘይቱ ቶሎ መቀየር አለበት። ደብረ ታቦር እንደ ሰሜን አሜሪካ ክረምት በረዶ አይጋገርባትም፤ የጉዞው ርዝመት ግን ከስምንቱ ኪሎ ሜትር ሩብ ብቻ ነው። ስለዚህ በከተማ ብቻ ለሚያገለግል ተሽከርካሪ ዘይትና ፊልትሮ መቀየሪያውን በኪሎ ሜትር ሳይሆን በወር፣ ለምሳሌ በየስድስት ወሩ፣ መወሰን ተገቢ ነው። 10 ሊትር ዘይትና አንድ ፊልትሮ ምንም ዋጋቸው ቢንር ከሞተር እድሳት ጋር አይወዳደሩም።

ባትሪም የዚሁ ችግር ተጠቂ ነው። ሞተሪኖው ሞተሩን ሲያስነሳ ከባትሪው የሚወስደውን ኃይል ዲናሞው የሚመልሰው በጉዞ ላይ ነው። ጉዞው አጭር ሲሆን፣ በተለይ መብራትና የመስታወት መጥረጊያ በሚሠሩበት በክረምት፣ የወጣው ሳይተካ ሞተሩ ይጠፋል። በከፊል ባዶ ሆኖ የሚቆይ ባትሪ ደግሞ የውስጥ ሳህኖቹ እየጠነከሩ ዕድሜው ያጥራል። ማርሚታውም ከውስጥ ይዝጋል፤ የፍሬን ዲስኮችም እንዲሁ።

በዚህ ዘመን ካሉ ሾፌሮች ብዙዎቹ መፍትሔ አድርገው የሚወስዱት ሞተሩን አስነስቶ በሚኒሞ ለ10 እና ለ15 ደቂቃ ማቆየትን ነው። ይህ አይመከርም። የናፍጣ ሞተር በሚኒሞ ሲሠራ በጣም በዝግታ ስለሚሞቅ ያልነደደው ነዳጅ ይበልጥ ይጠራቀማል፤ የሚባክነው ነዳጅም የመንግሥት ነው። የተሻለው ሞተሩ ከተነሳ በኋላ አንድ ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ነዳጅ ሳያበዙ በዝግታ መነሳት ነው።

ከስምሪት አንጻር ሲታይ ግን ዋናው ጉዳይ አንድን ተሽከርካሪ በከተማ ውስጥ ብቻ አለማስቀረት ነው። መሥሪያ ቤቱ ሦስት መኪና ካለው አንዱ ዘወትር ለመስክ፣ ሌላው ዘወትር ለኃላፊ ምልልስ ከሚመደብ ይልቅ በየሳምንቱ ቢፈራረቁ ሁሉም ዘይታቸው የሚሞቅበት ቀን ያገኛሉ። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የተከሰተው የጸጥታ ችግር የመስክ ጉዞን በገደበባቸው ጊዜያት ይህን ማድረግ አዳጋች መሆኑ አይካድም፤ በዚያው ልክ ግን ለወራት ረጅም መንገድ ያልወጡ ተሽከርካሪዎች የተለየ ክትትል ያስፈልጋቸዋል። ወደ ወረታ የሚወስድ የሥራ ጉዳይ ሲኖር በከተማ የከረመውን መኪና መላክ አንድ አማራጭ ነው። ሲወርድ ሞተሩ ብዙም አይሠራም፤ ዘይቱን የሚያሞቀው የመልሱ ዳገት ነው።

ሁለት ኪሎ ሜትር በእግር 25 ደቂቃ አካባቢ የሚፈጅ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። ከዚህ ሌላ ከተማዋን የሚያዳርሱት ባጃጆች አሉ፤ ትንሹ ሞተራቸው በፍጥነት ስለሚሞቅና ቀኑን ሙሉ ስለሚሠራ ለአጭር ጉዞ ከላንድክሩዘር ይልቅ የሚስማሙት እነርሱ ናቸው።

በረጅም ጊዜ ሲታይ የከተማ ውስጥ አገልግሎቱን በኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ መተካት ይቻላል። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መወሰኑን በጥር 2016 ዓ.ም. ማስታወቁ ይታወሳል። የኤሌክትሪክ ሞተር የሚቃጠል ነዳጅም ሆነ የሚበላሽ የሞተር ዘይት ስለሌለው አጭር ምልልስ አይጎዳውም። ብርድ ባትሪው በአንድ ሙሌት የሚወስደውን ርቀት ቢቀንስም በቀን ስምንት ኪሎ ሜትር ለሚሄድ መኪና ይህ የሚያሳስብ አይሆንም። የኃይል መሙያ ጣቢያዎች በብዛት ያሉት በአዲስ አበባ በመሆኑ ግን በክልል ከተሞች የሚገኙ መሥሪያ ቤቶች ግዥ ከመፈጸማቸው በፊት በግቢያቸው ውስጥ መሙያ ማዘጋጀት ይጠበቅባቸዋል።

እስከዚያው ድረስ ማንኛውም የስምሪት ኃላፊ ያለ ወጪ ሊያደርገው የሚችል ምርመራ አለ። ጠዋት ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍቶ የውስጥ ገጹን መመልከት ነው። እንደ ወተት የነጣ ቅባት ከታየበት ውኃ ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሏል ማለት ነው። እዚህ ላይ ሳይቸኩሉ የራዲያተሩን ፈሳሽ ማየት ያስፈልጋል። ፈሳሹ ከቀን ወደ ቀን የሚጎድል ከሆነ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተበልቶ ሊሆን ስለሚችል ተሽከርካሪው ወደ ጋራዥ መግባት አለበት። ፈሳሹ ካልጎደለና ነጩ ቅባት በክዳኑ ላይ ብቻ ከሆነ ግን በአብዛኛው መንስኤው ከአጭር ጉዞ የተጠራቀመ እንፋሎት ነው፤ ዘይቱ ተቀይሮ መኪናው አንድ ሰዓት ያህል መንገድ ሲወጣ ይጠፋል። ይህን ሳያጣሩ ሞተር አስፈትቶ ለመለዋወጫ ግዥ መጠየቅ መሥሪያ ቤቱን አላስፈላጊ ወጪ ውስጥ ይከታል።