ካሜራው ወዴት ይመልከት?

ካራማ ከዱባይ ነባር የመኖሪያ ሠፈሮች አንዱ ሲሆን፣ ፎቆቹ ከአዲሶቹ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃዎች ያነሱ፣ በሮቹም በጠባብ ኮሪደር ላይ ፊት ለፊት የተያዩ በመሆናቸው፣ አንድ ነዋሪ በደጁ ላይ የሚሰቅለው ካሜራ የጎረቤቱን ደጅ ሳይነካ የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት ነው። በዚህ ሠፈርና ኪራይ ይቀላል ተብሎ በሚኬድባቸው በሻርጃና በአጅማን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ከካሜራ ጋር የሚገናኙበት መንገድም የተለያየ ነው፤ አንዱ ለተከራየው ቤት ገዝቶ ይተክላል፣ ሌላዋ በአሠሪዎቿ ሳሎን ካሜራ ሥር ትውላለች፣ ሌላው ደግሞ አዲስ አበባ ያሠራውን ቤት ከካራማ ሆኖ በስልኩ ይቃኛል። ሦስቱንም የሚመለከተው ጥያቄ ግን አንድ ነው፤ ይኸውም የትኛው ካሜራ ይሻላል ከሚለው በፊት፣ ካሜራው የሚያየው ምንን ነው፣ የሚታየው ሰውስ መታየቱን ያውቃል ወይ የሚለው ነው።

ለመኖሪያ ቤት የሚሆን የካሜራ መከታተያ ካሰቡት ቀደምት ሰዎች መካከል በኒው ዮርክ ኩዊንስ ትኖር የነበረችው ነርስ ሜሪ ቫን ብሪታን ብራውን ትገኝበታለች። እርሷና ባለቤቷ አልበርት ብራውን እ.ኤ.አ. በ1966 የፈጠራ መብት ጠይቀው በ1969 ያገኙበት መሣሪያ፣ በበሩ ቀዳዳዎች ላይ ከፍና ዝቅ እያለ የቆመውን ሰው የሚያሳይ ካሜራ፣ ምስሉን በመኝታ ክፍል የሚያቀርብ ቴሌቪዥን፣ እንዲሁም ከሩቅ በር መክፈቻና ማስጠንቀቂያ ደወል ነበረው። የቤት ካሜራ ከመነሻው ዓይኑ ወደ ውጭ፣ ማንነቱ ወዳልታወቀው አንኳኪ፣ ያነጣጠረ እንደነበር ልብ ማለት ይገባል፤ በኋላ ወደ ውስጥ፣ ወደ ቤቱ ሰዎች፣ መዞሩ ነው ብዙውን ችግር ያመጣው።

ካሜራ ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል ከሚያስረዱ ታሪኮች ደግሞ አንዱ የተፈጸመው እዚያው ዱባይ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2010 የሐማስ የጦር ክንፍ ሹም የነበረው ማሕሙድ አል መብሑሕ በአንድ ሆቴል ክፍሉ ውስጥ በተገደለ ጊዜ፣ የዱባይ ፖሊስ የአውሮፕላን ማረፊያውንና የሆቴሎቹን ቅጂዎች አገጣጥሞ የተጠርጣሪዎቹን እንቅስቃሴ ደረጃ በደረጃ ለዓለም አሳየ። ሆኖም ቅጂው በተመረመረበት ጊዜ ሰውየው ሞቷል፣ ተጠርጣሪዎቹም ከአገር ወጥተዋል። ካሜራ የተፈጸመውን ይመሰክራል እንጂ እንዳይፈጸም በሩን አይዘጋም፤ ስለዚህ ደካማ ቁልፍ ያለው ተከራይ በመጀመሪያ ቁልፉን ማጠናከር አለበት።

ከካራማ ብዙ ሳይርቅ፣ በቡር ዱባይ የኻሊድ ቢን አልወሊድ ጎዳና፣ የኮምፒውተርና የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ስለሚበዙ፣ ገዢው በቀላሉ በቁጥር ይዋከባል። በሻጮች አንደበት ከሁሉ የሚቀድመው የጥራት መጠን፣ ማለትም ምስሉ የተሠራባቸው ነጥቦች ብዛት ነው። 2 ሜጋፒክስል የሚባለው ወደጎን 1920፣ ወደታች 1080 ነጥቦች ሲኖሩት፣ ፎርኬ የሚባለው 8 ሜጋፒክስል ያህል ነው። ሻጩ የማይናገረው ግን እነዚህ ነጥቦች በሌንሱ ስፋት ላይ የሚበተኑ መሆናቸውን ነው። ባለሙያዎች አንድን የማያውቁትን ሰው በፊቱ ለመለየት በአንድ ሜትር ስፋት 250 ነጥብ ያስፈልጋል የሚል መለኪያ አላቸው፤ በዚህ ስሌት 100 ዲግሪ ገደማ የሚያይ ሰፊ ሌንስ ያለው ባለ 2 ሜጋፒክስል ካሜራ ከ3 ሜትር ጥቂት ካለፈ በኋላ ሰው መኖሩን እንጂ ማንነቱን በእርግጠኝነት አያሳይም። በካራማ ኮሪደር አንኳኪው የሚቆመው ከበሩ ከ1 ሜትር ባነሰ ርቀት ስለሆነ፣ ለዚያ ደጅ ፎርኬ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ለግቢ በር ወይም ለመኪና ማቆሚያ ግን ነገሩ ይለያል፤ እዚያ የሚያዋጣው ጠበብ አድርጎ አርቆ የሚያይ ሌንስ ነው።

የቅጂ ማከማቻውም ስሌት ይፈልጋል። በሰከንድ 2 ሜጋቢት የሚቀዳ ካሜራ ያለማቋረጥ ቢሠራ በቀን 21.6 ጊጋባይት ይሞላል፤ ስለዚህ 128 ጊጋባይት የሚይዝ ሚሞሪ ካርድ ከ5 እስከ 6 ቀን ካገለገለ በኋላ አዲሱን በአሮጌው ላይ መጻፍ ይጀምራል። እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ እንዲቀዳ ከተደረገ ቀኑ ይረዝማል። ካርዱ በካሜራው ውስጥ ስለሚቀመጥ ግን ካሜራውን ነቅሎ የሄደ ሌባ ማስረጃውንም ይዞ ሄደ ማለት ነው፤ ይህን የሚፈራ ሰው ቅጂውን በቤቱ ውስጥ በተለየ መሣሪያ ወይም በኢንተርኔት በኩል በኩባንያ ማከማቻ ማስቀመጥ ይችላል።

የኢንተርኔቱ መንገድ ምቹ ቢሆንም የራሱን አደጋ ያስከትላል። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም ከፋብሪካ የወጡበት የይለፍ ቃል ሳይቀየር የተተከሉ ብዙ ካሜራዎችንና ራውተሮችን ተቆጣጥሮ ታላላቅ ድረ ገጾችን ለሰዓታት አቋርጧል። በ2023 የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን የካሜራ ሻጩ የሪንግ ኩባንያ ሠራተኞች የደንበኞችን የግል ቪዲዮ ያለ ገደብ ማየት ይችሉ ነበር ብሎ ስለከሰሰ ኩባንያው 5.8 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል፤ በየካቲት 2024 ደግሞ ዋይዝ በተባለው ኩባንያ ስሕተት 13,000 ያህል ተጠቃሚዎች የራሳቸው ያልሆነ ካሜራ ምስል በስልካቸው ደርሷቸዋል። ስለዚህ የፋብሪካውን የይለፍ ቃል በዚያው ዕለት መለወጥ፣ መግቢያውን በስልክ በሚላክ ተጨማሪ ኮድ ማጠር፣ ፕሮግራሙንም በየጊዜው ማደስ የግዴታ ያህል ነው። መኝታ ክፍል ውስጥ ካሜራ ካልተተከለ ግን ሰርጎ ገብም ሆነ የኩባንያ ሠራተኛ ከዚያ የሚያየው ነገር አይኖርም፤ ከሁሉም ጥንቃቄ የሚበልጠው ይህ ነው።

በሕግ በኩል ዱባይ ውስጥ የደኅንነት ካሜራ ሥራን የሚቆጣጠረው እ.ኤ.አ. በ2016 ሕግ ቁጥር 12 የተቋቋመው፣ በአጭሩ ሲራ የሚባለው የጸጥታ ኢንዱስትሪ ተቆጣጣሪ ኤጀንሲ ነው፤ ካሜራ የሚገጥም ድርጅትም ከእርሱ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። የሲራ ሥልጣን ዱባይ ላይ ስለሚያበቃ በሻርጃና በአጅማን የየኤምሬቱን ባለሥልጣን መጠየቅ ያስፈልጋል። በዱባይ የኪራይ ሕግ ደግሞ ተከራይ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በቤቱ ላይ ለውጥ ማድረግ ስለማይችል፣ ግድግዳ ከመብሳት ይልቅ በበሩ ማያ ቀዳዳ ላይ የሚገጠመው ዓይነት ካሜራ ይመረጣል፤ ኮሪደሩ የጋራ ስለሆነም ናጡሩን፣ ማለትም የሕንፃውን ጠባቂ፣ ወይም አስተዳደሩን አስቀድሞ ማነጋገር ይበጃል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን በመላው አገሪቱ የሚሠራው፣ በጥር 2022 ሥራ ላይ የዋለው የ2021 የሳይበር ወንጀል ሕግ ቁጥር 34 ነው። አንቀጽ 44 የሰውን ገመና በመድፈር ያለ ፈቃዱ ድምፁን የቀዳን፣ ምስሉን ያነሳን ወይም ያሰራጨን ሰው ከ6 ወር በማያንስ እስራትና ከ150,000 እስከ 500,000 ድርሃም በሚደርስ መቀጫ፣ ወይም ከሁለቱ በአንዱ ይቀጣል። የጎረቤት በር በተከፈተ ቁጥር የቤቱን ውስጥ የሚቀዳ ካሜራ የተከለው ሰው ሌባን ፈርቶ ቢሆንም እንኳ በዚህ ሕግ ሊጠየቅ ይችላል። አብዛኞቹ ካሜራዎች የምስሉን አንድ ክፍል በጥቁር የሚሸፍን ማስተካከያ አላቸው፤ የጎረቤት ደጅ የሚሸፈነው በእርሱ ነው። ማይክሮፎኑም ቢዘጋ ይሻላል።

አንድ ክፍል በፓርቲሽን ተከፍሎ፣ ወይም በቤድ ስፔስ አልጋ በአልጋ ተከራይቶ በሚኖርበት ቤት፣ ጥያቄው ይበልጥ ይወሳሰባል። ሻንጣው የተነካበት ሰው ካሜራ ቢመኝ አይፈረድበትም፤ ዳሩ ግን ሴቶች የሚለብሱበትና ሰዎች የሚተኙበት ክፍል ለአንድ ሰው ሻንጣ ሲባል አይቀረጽም። ሁሉም ነዋሪዎች ከተስማሙ ካሜራው በዋናው መግቢያ ላይ ይተከላል፤ ሻንጣ ደግሞ በቁልፍ ይጠበቃል።

በአሠሪ ቤት የምትኖረው ኢትዮጵያዊት ጉዳይ ግን ከሁሉ የተለየ ትኩረት ይሻል፤ ምክንያቱም የአሠሪዋ መኖሪያ ለእርሷ የሥራ ቦታም፣ ማደሪያም ነው። ልጃቸውን ለእንግዳ ሰው ትተው ወደ ሥራ የሚሄዱ ወላጆች ስጋት እውነተኛ ስለሆነ በሳሎንና በመግቢያ ላይ ካሜራ መትከላቸው ነውር የለውም። ነውሩ የሚጀምረው ካሜራው በድብቅ ሲተከል፣ ወደ መኝታዋና ወደ መታጠቢያው ሲዞር፣ ከቤተሰቧ ጋር የምታወራውንም ሲቀዳ ነው። የ2022 የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 9 ለሠራተኛዋ በቀን ቢያንስ 12 ሰዓት ዕረፍት፣ ከዚህም 8 ሰዓቱ ያልተቋረጠ እንዲሆን፣ ተገቢ ማደሪያም እንዲሰጣት ያዛል፤ በካሜራ ዓይን ሥር የሚያልፍ ዕረፍት ደግሞ ዕረፍት ሊባል አይገባም። ቀና አሠሪ በመጀመሪያው ቀን ካሜራዎቹ የት እንዳሉ እየዞረ ያሳያል። እርሷም ያለ ሐፍረት የመጠየቅ መብት አላት፤ ክፍሏን ከተጠራጠረች ደግሞ መብራት አጥፍታ በስልኳ የፊት ካሜራ ዙሪያውን ብትቃኝ፣ በጨለማ የሚያይ ካሜራ የሚረጨው ለዓይን የማይታይ ብርሃን በብዙ ስልኮች ላይ እንደ ነጭ ወይም ሐምራዊ ነጥብ ይወጣል።

ይኸው ካሜራ ለሠራተኛዋ ጋሻ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ወርቅ ጠፋ ተብሎ ስትከሰስ፣ ወይም እጅ ሲነሳባት፣ ቅጂው ለእርሷ ይመሰክራል። ነገር ግን ካርዱ ከ5 እስከ 6 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ራሱን እየደመሰሰ እንደሚጽፍ ከላይ ስለታየ፣ የሳሎኑ ቅጂ እንዲያዝ በዚያው ዕለት ለፖሊስ መናገር ይኖርባታል፤ ሳምንት የቆየ አቤቱታ ምስክሩን ሊያጣ ይችላል።

አዲስ አበባ ያለ ቤቱን ከካራማ ሆኖ የሚከታተለው ነዋሪ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። መብራት ሲቋረጥ ካሜራውም ራውተሩም አብረው ስለሚጠፉ፣ ሁለቱን ለጥቂት ሰዓታት የሚያቆይ ባትሪ ካልተገጠመ ቤቱ የማይታየው በጨለማው ጊዜ ይሆናል። የዱባይ ሰዓት ከአዲስ አበባ በ1 ሰዓት ስለሚቀድምም ካሜራው የቤቱን ሰዓት እንዲይዝ መስተካከል አለበት፤ ሰዓቱ የተዛባ ቅጂ ለማስረጃነት ያከራክራል። በኢትዮጵያ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ሲጠብቅ፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ወጥቷል። ቤቱን የሚጠብቁት ዘበኛና ዘመድም ካሜራው መኖሩን ሊያውቁ ይገባል፤ እናትን ሳይነግሩ ሳሎኗን መቅረጽ ለደኅንነቷ ተብሎም ቢሆን ደግ ሥራ አይደለም።

በመጨረሻም ካሜራው ሌባ ቢይዝ ቅጂውን ምን ማድረግ እንደሚገባ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። የብዙ ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ ምስሉን በቲክቶክና በፌስቡክ ለቆ ሕዝብ እንዲለየው ማድረግ ነው። ነገር ግን አንቀጽ 44 የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ ማሰራጨትን የሚከለክለው ነገሩ እውነት ቢሆንም ጭምር ስለሆነ፣ የተሰረቀው ሰው ራሱ ተከሳሽ ሊሆን ይችላል። ቅጂው ሳይቆረጥና ሳይስተካከል ተገልብጦ ለፖሊስ ብቻ ይሰጥ፤ ዱባይ ውስጥ ለአስቸኳይ ጉዳይ 999፣ ለሌላው ደግሞ 901 ይደወላል።